ከአምስት ከባድ በኋላ

ከመሥሪያ ቤት መልቀቅ እንደ መቀጠር ቀላል አይደለም። ሲቀጥሩ አንድ ሰው ይፈርማል፤ ሲለቁ አሥራ አራት። ዶክተሯም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምራ ያቺን የክሊራንስ ወረቀት ይዛ ከክፍል ክፍል ስትዞር ነበር። ፋርማሲው «ንብረት የለባትም» ብሎ ፈረመ። ላቦራቶሪው ፈረመ። ንብረት ክፍሉ ሁለት ጋውንና አንድ የጠረጴዛ መብራት ተረክቦ ፈረመ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ረግጣው የማታውቀው ቤተ መጻሕፍት እንኳ በደስታ ፈረመ። አሥራ ሦስቱ ሞልቶ አንዱ መስመር ባዶ ቀረ። ካርድ ክፍል።

ሆን ብላ ነው መጨረሻ ያደረገችው። እዚያ ክፍል ውስጥ ዓይኑን ላለማየት ስትል ሁለት ወር ሙሉ በጓሮ በር ስትገባና ስትወጣ የከረመችበት ሰው አለ። ሰው ከበሽታ ይሸሻል፣ ከዕዳ ይሸሻል፤ እሷ ግን የምትወደውን ሰው ነበር የምትሸሸው።

ሆስፒታሉ በሙሉ መዝገቤ ይለዋል። ስሙ አይደለም፤ ግን ስሙን ያስረሳ ቅጽል ነው። የአንድን በሽተኛ ፊት አንዴ ካየ የካርዱን ቁጥር አይረሳም። «ካርዴ ጠፋብኝ» ብሎ የመጣ ሰው አፉን ሳይዘጋ ቁጥሩ ይነገረዋል። ዕድሜያቸው የተምታታባቸው ሽማግሌዎች ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ እሱ መስኮት ይመጡ ነበር ሲባል ሰምታ ስቃለች። ኋላ ግን እውነት ሆኖ አገኘችው።

ፍቅራቸው የተጀመረው በካርድ ነው። ዶክተሯ በተመላላሽ ክፍል በቀን አርባ፣ አንዳንዴም ሃምሳ ሰው ታያለች። ካርዶቹ ጠዋት ተደርድረው ይመጡላታል፤ እሷ ከላይ አንዱን ታነሳና «ቀጣይ» ትላለች። ሥራ በገባች በአራተኛው ዓመት ይመስላታል፣ አንድ ነገር አስተዋለች። አምስት ከባድ በሽተኛ ካየች በኋላ ስድስተኛው ሁልጊዜ ቀላል ነው። ጆሮዋ የዳነላትና ለመጨረሻ ጊዜ ልትታይ የመጣች ሕፃን። ለመንጃ ፈቃድ ጤናው እንዲመሰከርለት የሚፈልግ ጎረምሳ። ምንም ሳያማቸው «እንዲያው ልይሽ ብዬ ነው» የሚሉ አዛውንት። መጀመሪያ ዕድሏ መሰላት። ከዚያ ቆጠረች። ከዚያ ወደ ካርድ ክፍሉ መስኮት ሄደች።

«አንተ ነህ?»

«ምኑን?» አለ፣ ዓይኑን ከመደርደሪያው ሳያነሳ።

«ስድስተኛውን።»

እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ተራ አላዛባሁም፣ ዶክተር። ባንድ ሰዓት ከመጡት መካከል ነው የማቀያይረው። አምስት ኩንታል የተሸከመ ሰው ስድስተኛውን ከመጫኑ በፊት መተንፈስ አለበት። መተንፈስ አለብሽ እኮ።»

«አለብሽ» ያላት ሳያስበው ነው። ሁለቱም ሰምተውታል፤ ሁለቱም እንዳልሰማ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ በስድስተኛው ካርድ፣ ከመጀመሪያው ቅጠል ሥር፣ እጥፍጥፍ ያለች ቁራጭ ወረቀት መምጣት ጀመረች። «ምሳ አልበላሽም። እቴቴ አይታሻለች።» ይላል አንዱ። እሷም መልሳ፦ «በላሁ። ውሸት ነው።» እቴቴ የሚሏት የካርድ ክፍሉ ጡረታ የቀረባት አንጋፋ ሠራተኛ ናት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሁሉን የምታይ፣ ያየችውን ግን ለማን እንደምትናገር የምታውቅ ሴት። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተጻጻፉ። አንዳንድ ቅዳሜ ከሰው ራቅ ብለው በወንዙ ዳር ይሄዱ ነበር። ከሰው ራቅ ብለው፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ።

የዶክተሯ አባት ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ፎቷቸው ዛሬም በሆስፒታሉ ዋናው አዳራሽ ተሰቅሏል። እናቷ ደግሞ የዶክተር ሚስት፣ የዶክተር እናት ናቸው፤ አማችም ቢሆን ቢያንስ ዶክተር እንዲሆን የወሰኑ። አንድ ቀን እናቷ ደም ግፊታቸውን ሊለኩ መጥተው በኮሪደሩ አብረው ሲሄዱ መዝገቤ ካርድ ታቅፎ ከፊት መጣ። ፈገግ አለ፤ ሰላም ሊል እጁን ከካርዶቹ ሥር ለማውጣት ታገለ። እሷ አለፈችው። እናቷ «ማነው?» ሲሉ፣ «እንጃ፣ ካርድ ክፍል ነው መሰለኝ የሚሠራው» አለች። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። ዞር ብላ ስታየው እጁ ከካርዶቹ ሥር ግማሽ ወጥቶ ቆሞ ነበር። ያን ቀን ስድስተኛው ካርድ መጣ፤ ወረቀት ግን አልነበረውም። በማግሥቱ መልሶ ጻፈላት። ስለ ኮሪደሩ አንድም ቃል አላነሳም፤ እሷም የረሳው መሰላት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ነው።

ከዚያ ድካሙ መጣ። ድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ ይተኛበት ነበር። ይሄኛው ተኝተው ሲነሱም አብሮ የሚነሳ ነበር። ማዳመጫውን ደረት ላይ ታደርጋለች፣ ልብ ሲመታ ትሰማለች፣ የማን ልብ እንደሆነ ግን አታውቅም። አንድ ቀን አንዲት ሴት ፊቷ ተቀምጣ ስታለቅስ ራሷን የግድግዳውን ሰዓት ስታይ ያዘችው። ደነገጠች። በሳምንቱ አልደነገጠችም፤ ይህ ነው የባሰው።

በዚህ መሀል ነው አንዲት ወጣት እናት የሞተችባት። ማክሰኞ አይታት ነበር፤ ነገ ተመለሺ ብላ ቀጠሮ ጽፋላታለች። ሴትዮዋ የመጣችው ከአራት ቀን በኋላ በሰው ሸክም ነው። ሌሊቱን አብራት አደረች፤ አልተረፈችም። ቤተሰብ ከሰሰ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ካርዱ ሲታይ የቀጠሮ ወረቀቱ ቅጂ የለም። «ተመለሺ ስለማለትሽ ማስረጃ የለም» አሏት።

ያን ዕለት ከውሃ ታንከሩ ኋላ መዝገቤ አገኛት። ማባበል ሲጀምር አቋረጠችው።

«ተወኝ። ያዳንኩት ሰው የለም። ስድስት ዓመት ሙሉ በሽተኛ ነው የማየው፤ የሚመለሰው ያው በሽተኛ ነው። ያዳንኩትን ሰው፣ እስቲ አንድ ሰው አምጣልኝ።»

«እሺ» አለ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ በካርድ ክፍሉ ስታልፍ መዝገቤ ጠረጴዛው ላይ የካርድ ክምር አድርጎ፣ አንድ በአንድ እየገለጠ፣ በደብተር ይጽፋል። ክምሩን አየችው። የእሷ በሽተኞች ናቸው፤ የእሷ ፊርማ። ኮሚቴው ለካርድ ክፍል ደብዳቤ መጻፉን ያን ጠዋት ሰምታለች። ፊቷ ደም ለበሰ። አንድ ጊዜ «ምን እየሠራህ ነው?» ብትለው ኖሮ ይህ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር። አላለችም።

ሦስት ሠራተኞች ባሉበት፣ መስኮቱ ላይ ተሰልፎ ሃያ ሰው በሚሰማበት፣ «የአንተ ሥራ ካርድ ማውጣትና ካርድ መመለስ ነው። ያልገባህን አታንብብ» አለችው። እሱ ቀና ሲል አላቆመችም። «ወረቀት ስለጻፍኩልህ ከእኔ እኩል የሆንክ መሰለህ?»

መዝገቤ ብዕሩን አስቀመጠ። «እሺ፣ ዶክተር። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ካርዶቹን ግን ከጠረጴዛው አላነሳም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እሷም ያንን አውቃ እንደሆነ እንጃ፣ በወሩ የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባች። አንድ የመድኃኒት አስመጪ ድርጅት ቢሮ ሰጥቷታል፤ ምንጣፍ ያለው፣ በሽተኛ የሌለበት። ኮሚቴው ክሱን ለምን እንደዘጋው አንድ መስመር ደብዳቤ ደርሷት ነበር፤ «በተገኘው ማስረጃ መሠረት» ይላል። የምን ማስረጃ እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳ አቅም አልነበራትም።

እንግዲህ ወረቀቷን ይዛ የካርድ ክፍሉን በር የከፈተችው በዚህ ሆድ ነው።

ወንበሩ ባዶ ነው። እቴቴ ብቻ አለች። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ ዶክተሯን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«መጣሽ?»

«ፊርማ ፈልጌ ነው፣ እቴቴ።»

«የሚፈርመው እሱ ነው፤ ኃላፊው እሱ አይደል? ምድር ቤት የቆዩ ካርዶች እያሰረ ነው። ለነገሩ የእሱም የመጨረሻ ቀኑ ነው ዛሬ። ነገ ይሄዳል።»

«ወዴት?»

«ተዛውሮ። ራሱ ጠይቆ። እናቱ ያሉበት ከተማ አዲስ ጤና ጣቢያ ተከፍቷል፤ ካርድ ክፍል ከባዶ ልሥራ ብሎ።» እቴቴ ተነሳች፤ መሳቢያውን ጎተተች። «እኔ እንግዲህ ሰንብተሽ ስጪ ተብያለሁ፤ እሱ ከሄደ በኋላ። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ አሁን ልስጥሽ።»

ያ ደብተር ነበር። ዶክተሯ እጇን ዘርግታ ተቀበለችው።

«ያን ቀን ለኮሚቴው የሚያቀብል መስሎሽ ነበር አይደል?» አለች እቴቴ። ድምጿ ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር። «የሟቿ ቀጠሮ ቅጂ በስህተት ሌላ ሰው ካርድ ውስጥ ገብቶ ይሆናል ብሎ፣ በዚያ ሳምንት ያየሻቸውን ሰዎች ካርድ በሙሉ አንድ በአንድ ይገልጥ ነበር። አንቺ ከሰደብሽው በኋላም ገለጠ። በሦስተኛው ቀን በባልየው ካርድ ውስጥ አገኘው፤ ባልየውም ለሳሉ ያን ቀን ታይቶ ኖሯል። አንድ ቀን፣ አንድ ቤተሰብ፣ ተሳስተን አንዱ ውስጥ ከተን። የእኛ ስህተት ነው፤ ጽፎ የፈረመበት ግን እሱ ነው። ኮሚቴው ዘጋልሽ፤ እሱ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት።»

ዶክተሯ ደብተሩን ገለጠች።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «አንድ ሰው አምጣልኝ ብለሻል። የዳነ ሰው አይመለስም፤ አንቺ ጋ የሚመለሰው ያልዳነው ነው። ካርዱ አምስት ዓመት ሳይነካ ቆይቶ ምድር ቤት የሚወርደውን የማየው እኔ ነኝ። ስለዚህ እሁድ እሁድ ሄጄ አያለሁ።»

ከዚያ ቁጥሮች ናቸው።

«ቁጥር 1። አሸዋ ጫኙ፣ ሳንባው። ‹ሲጋራዬን ቀምታ ጋውኗ ኪስ ከተተችው፤ እስከ ዛሬ አልመለሰችልኝም› ይላል። አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። አብረን ወጣን። መሀል ላይ ያረፍኩት እኔ ነኝ።»

«ቁጥር 9። ጆሮዋ ይፈስ የነበረችው ሕፃን። አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። እናቷ ‹መስማቱን ሰማች፣ መታዘዙን ግን አልጀመረችም› ትላለች።»

«ቁጥር 17። አልተገኘም። ጎረቤቶቹ ሞቷል አሉ። መልካሙን ብቻ ብጽፍልሽ አታምኚኝም።»

«ቁጥር 23። ልብስ ሰፊዋ፣ እጇ ይንቀጠቀጥ የነበረችው። ፊቴ ላይ ክር በመርፌ አስገብታ አሳየችኝ። ባንድ ጊዜ። ከዚያ አለቀሰች፤ እኔም ትንሽ።»

ቀኖቹን አየች። እስከ ሃያ ስድስት ያለው ከዚያ ከሰዓት በኋላ በፊት የተጻፈ ነው። ከሃያ ሰባት እስከ አርባ አንድ ግን በኋላ ነው። ሰው ፊት አዋርዳው፣ እሱ አሥራ አምስት ሰው ፍለጋ በእሁድ ፀሐይ ሄዷል። ጽሑፉም ከዚያ ወዲህ ተለውጧል፤ «አንቺ» የሚለው ጠፍቶ «ዶክተር» ሆኗል።

የመጨረሻው ቁጥር 41 ነው።

«የሟቿ ባል። ሁለት ጊዜ በር ዘጋብኝ፤ በሦስተኛው አስገባኝ። የቀጠሮውን ነገር ነገርኩት። ነገ ተመለሺ መባሏን ያውቅ ነበር፤ ሥራ አይለቁኝም ብሎ ያስቀራት እሱ ነው። ይህንን ለሰው የተናገረው ዛሬ ነው። ከዚያ እንዲህ አለ፦ ‹ሁሉም ቆመው ነበር የሚያናግሩን። ያቺ ዶክተር ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሚስቴ ስትፈራ እጇን ያዘቻት፣ ካረፈችም በኋላ አልለቀቀቻትም። እኔ አልቻልኩም ነበር፤ እሷ ያዘችልኝ። ከስሼያታለሁ፤ ይቅር ትበለኝ በላት።› ዶክተር፣ ይህንን ሰው አዳኑት ማለት አይቻልም። ከአርባው ሁሉ ግን ያመጣሁልዎት ሰው እሱ ነው።»

ያን ሌሊት አስታወሰችው። እጇን መያዟን ረስታው ነበር። ሞቱን ስትቆጥር፣ ጥፋቱን ስትቆጥር፣ እጅ መያዝ ከሥራ ይቆጠራል ብላ አላሰበችም። ደብተሩን ደረቷ ላይ አድርጋ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፤ እቴቴም ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረችላት።

ምድር ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ የወረቀትና የአቧራ ሽታ አለው። መዝገቤ እጅጌውን ሰብስቦ የካርድ ጥቅል በነጭ ገመድ ያስራል። ኮቴዋን አውቆታል፤ ቀና ሳይል ቋጠሮውን ጨረሰ።

«ደብተሩን አነበብኩት።»

«እቴቴ አደራ አትችልም» አለ። «ከሄድኩ በኋላ ነበር።»

«ለምን? ስሰድብህ ለምን አልነገርከኝም? እንዲህ ነው፣ የምፈልገው ላንቺ ነው ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ሥራዬን ነገሩኝ እኮ፣ ዶክተር። ማውጣትና መመለስ።»

«አፌን በቆረጠው» አለች። «እግርህ ላይ ብወድቅ ይበቃሃል? ንገረኝ። የሚበቃህን ንገረኝ።»

መዝገቤ ገመዱን አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አያት፤ ያ ሁለት ወር የሸሸችው ዓይን ቁጣ አልነበረበትም። ከስቷል።

«ያ ቀን ንዴት ነው። የተጎዳ ሰው ያገኘውን ይመታል፤ እዚህ ቤት በየቀኑ አያለሁ። ያ አይደለም እኔን ያስኬደኝ። ኮሪደሩ ነው።»

«ረሳኸው ብዬ...»

«የካርድ ቁጥር የማይረሳ ሰው?»

«እናቴን ፈርቼ ነው። እናቴን አታውቃትም፤ እሷ...»

«እናትሽን አይደለም የፈራሽው። በእኔ አፍረሽ ነው።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ ስድስት ወር ጠበቅሁሽ። አንድ ቀን፣ ሰው ባለበት፣ ‹እንደምን አደርክ› እንድትዪኝ። ሌላ አልፈለግሁም። ጠዋት ጠዋት ሸሚዜን ስተኩስ ምናልባት ዛሬ ነው እል ነበር።»

ዶክተሯ ለስንት ሰው ክፉ ዜና ተናግራለች፤ አሁን የሚነገራት እሷ ናት፣ የሚቀመጡበት አልጋ እንኳ የለም።

«አትሂድ» አለች በመጨረሻ። «ዛሬውኑ እናቴ ቤት አብረን እንግባ። በፊት በር።»

«ያኔ ብትዪኝ ኖሮ ከነአልጋዬ እዚህ ምድር ቤት እገባ ነበር። አሁን ምትክ ተመድቧል፤ እናቴ ቤቱን አስጠርገው እየጠበቁኝ ነው። ደግሞም...» ቃሉን ፈለገው። «ደክሞኛል። አንቺ ብቻ አይደለሽም የደከምሽው። ለእኔ ስድስተኛ ካርድ የሚያደርግልኝ አልነበረም።»

ይህ ከስድቧ ሁሉ በላይ አንጀቷን ቆረጠው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰውዬውን ምሳ እንኳ ጠይቃ አታውቅም።

ወረቀቷን በሁለት እጇ ጨበጠች። «ልቅደደው? ሥራውን አልለቅም። ልቀር።»

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ አትቅሪ፤ እኔ ነገ የለሁም። ለልብስ ሰፊዋ ብለሽ ከሆነ እሱ የራስሽ ጉዳይ ነው።» እጁን ዘረጋ። ወረቀቱን ተቀብሎ በካርድ ጥቅል ላይ አስደግፎ በመጨረሻው መስመር ፈረመ። «ንብረት የለባትም» ብሎ ጻፈ፤ የእሱ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ያቺው ከቅጠል ሥር የምታውቃት።

«ውሸት ነው» አለች።

ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። «ውሸት ነው» አለ እሱም።

ደረጃው ላይ ስትደርስ ዞረች። «ልጻፍልህ?»

ገመዱን እንደገና አነሳ። «ካርድ ውስጥ ተደብቆ አይደለም። ፖስታ ላይ፣ ሙሉ ስሜን። ሰው እያየ።» ከዚያም፣ «እመልሳለሁ ግን አልልሽም» አለ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ በእናቷ ሳሎን፣ በአባቷ ጠረጴዛ ላይ ጻፈች። አራት ገጽ ጽፋ ቀደደች፣ በመጨረሻ አንድ ገጽ ቀረ። ፖስታውን አሽጋ ሙሉ ስሙን በጉልህ ጻፈችበት። እናቷ ነገ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ ሲሉ ሰምታለች፤ ፖስታውን እጃቸው ላይ አስቀመጠችው።

እናቷ መነጽር አድርገው አነበቡ። «ማነው ይሄ?»

«ካርድ ክፍል ይሠራ የነበረ ሰው ነው፣ እማዬ። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ጠይቀሽኝ እንጃ ያልኩሽ።» ዓይኗን ከእናቷ ላይ አላነሳችም። «የምወደው ሰው ነው። አፍሬበት አጣሁት።»

እናቷ ብዙ የሚናገሩ ሴት ናቸው። ያን ቀን ግን ፖስታውን በእጃቸው አገላብጠው፣ ቦርሳቸው ውስጥ ሲከቱ እንዳይታጠፍ በመጽሐፍ መሀል አደረጉት። ዶክተሯ ይህንን ስታይ ያን ያህል ዓመት የፈራችው ነገር ምን ያህል ትንሽ እንደነበር ገባት፤ መግባቱ ግን ከነገሩ ይልቅ አመማት።

የሆስፒታሉ ዳይሬክተር መልቀቂያዋን ስታነሳ «አሥራ አራቱንም አስፈርመሽ?» ብሎ ሳቀባት። ወረቀቱን አልቀደደችውም። ደብተሩ ውስጥ ከቁጥር 41 ቀጥሎ አስገባችው። በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ራሷ ወጥታ፣ ሁለት ጊዜ መንገድ ተሳስታ፣ የአንድ የቀድሞ በሽተኛዋን በር አንኳኳች፤ ተመልሳ ቁጥር 42ን ጻፈች። አሁንም ይደክማታል። አሁን ግን የምታዳምጠው የልብ ምት የማን እንደሆነ ታውቃለች። አልጋ ጫፍ ላይ መቀመጥ ጊዜ ይወስዳል፤ ትቀመጣለች።

አራት ሳምንት ሆነ፤ መልስ አልመጣም። እናቷ በየቀኑ የፖስታ ሳጥኑን ከፍተው ያያሉ።

ሰኞ ጠዋት ካርዶቹ መጡ። የመጀመሪያው ጉበቱ ያበጠ ሰው ነው። ሁለተኛዋ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች መምህርት። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው፤ አምስተኛው ላይ እጇን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፈነች። ከእንግዲህ ማንም አይደረድርላትም፤ የሚመጣው እንደመጣ ነው። ስድስተኛውን አነሳች።

የሁለት ዓመት ሕፃን። የዳነ ቃጠሎ፣ የመጨረሻ ምርመራ።

ተነስታ እስከ ካርድ ክፍሉ መስኮት ሄደች። እቴቴ ቀና አለች።

«አንቺ ነሽ?»

«እሱ ነው» አለች እቴቴ። «ሲሄድ ግድግዳው ላይ ለጥፎልኛል፤ ‹ከአምስት ከባድ በኋላ አንድ ቀላል› ብሎ። ለአዲሱም ልጅ አስተምሪው ብሎኛል። ለዶክተሯ አትንገሪያት ብሎኝ ነበር፤ እኔ አደራ አልችልም።»

ዶክተሯ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ የጠረጴዛዋን ብዕር ይታገላል። ተቀመጠች። ካርዱን ገለጠች፤ በልማድ፣ በጣቷ ጫፍ፣ ከመጀመሪያው ቅጠል ሥር ዳሰሰች። ምንም የለም። ብዕሯን ለሕፃኑ ሰጠችውና «እስቲ እጅህን አሳየኝ» አለችው።